ፍሎይድ ሮዝ ያለው ጊታር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ውስጥ ሊድ ጊታር የሚጫወት ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሄ ጥያቄ ይመጣበታል፣ ልምምድ ቤትም ቸርችም ኢንቦክስም ላይ ያው ተመሳሳይ ነገር ነው የምጠየቀው ስለዚህ አንድ ቦታ ልሰብስበው ብዬ ነው። አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ይሄ ሲስተም ጥሩው ከተገዛ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው፣ ርካሹ ከተገዛ ግን ጊታር መጫወቱን ራሱ ያስጠላችኋል። መሃል ላይ ያለ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ቆይ ፍሎይድ ሮዝ ምንድነው? ብራንድ ነው የጊታር አይነት?

የሰው ስም ነው። አሜሪካዊ ጊታሪስት ነው፣ ጌጣጌጥም ይሰራ ስለነበር ትንንሽ ብረት መቅረጽ ይችልበታል። በፈረንጆቹ 1954 የወጣው የፌንደር ስትራቶካስተር የሚባለው ጊታር ላይ ያለው ባር፣ ማለትም በእጅ ሲነኩት ብሪጁን (ክሮቹ ከታች በኩል የሚያርፉበትን ብረት) እያንቀሳቀሰ ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ዘንግ፣ ደስ ቢልም ጠንከር አድርጋችሁ ከነካችሁት ክሩ ቦታው ላይ አይመለስም፣ ለምን ብትሉ አንገቱ ጫፍ ላይ ያለችው ነት ውስጥ ሲንሸራተት ይያዛል፣ መቃኛው ላይ የተጠመጠመውም ይላላል። ሰውየው በ1970ዎቹ ያሰበው ነገር ቀላል ነው፣ ክሩ የሚንሸራተትበትን ቦታ ሁሉ በብሎን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት። ፓተንቱን በ1979 አገኘ፣ በ80ዎቹ መጀመሪያ ክሬመር የሚባለው የጊታር ካምፓኒ ይዞት ወጣ፣ ታዋቂው የሮክ ጊታሪስት ኤዲ ቫን ሄለን ሲጫወትበት ደግሞ አለም ሁሉ አወቀው።

ዛሬ ሰው ፍሎይድ ሲል የሱን ካምፓኒ እቃ ብቻ ማለቱ አይደለም፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ የሚቆለፍ ብሪጅ ሁሉ ፍሎይድ ነው የሚባለው። አይባኔዝ ከ1986 ጀምሮ ኤጅ የሚላቸው የራሱ አሉት፣ ጎቶ የሚባሉት ጃፓኖችም በጣም ጥሩ ይሰራሉ።

እንዴት ነው የሚሰራው? ክሩን ቆልፎ እንዴት ነው የሚቃኘው?

ክሩ ጫፍ ላይ ያለችው ክብ ነገር በፒንሳ ትቆረጥና ራቁቱን ክር ብሪጁ ውስጥ ሳድሉ (እያንዳንዱ ክር የሚያርፍባት ትንሽ ብረት) ላይ ታስገቡታላችሁ፣ ትንሽ ብሎክ አለች እሷ ከኋላ በሚጠብቅ ብሎን ተገፍታ ክሩን ነክሳ ትይዘዋለች። በላይ በኩል ደግሞ ነቷ ላይ ሶስት መቆለፊያ አለ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ክር ይይዛል። ከተቆለፈ በኋላ አናቱ ላይ ያሉት መቃኛዎች ምንም አይሰሩም፣ ቢዞሩም ክሩ አይሰማቸውም። የምትቃኙት ብሪጁ ላይ ባሉት ትንንሽ ብሎኖች ነው፣ ፋይን ቱነር የሚባሉት፣ በጣት ይዞራሉ ግን ብዙ ርቀት አይሄዱም።

ዋናው ነገር ግን ይሄ አይደለም። ብሪጁ እንጨቱ ላይ አልተጣበቀም፣ ሁለት ብሎን ላይ በስለቱ ተደግፎ ተንሳፎ ነው ያለው። ከፊት ክሮቹ ይስቡታል፣ ከኋላ ጊታሩ ጀርባ ውስጥ ያሉት ሞላዎች ይስቡታል፣ ልክ እንደ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ነው። የክሮቹ ጉልበት ቀላል አይደለም፣ 9 ቁጥር ክር (ቁጥሩ የቀጭኑን ክር ውፍረት ነው የሚናገረው) ስድስቱ አንድ ላይ 38 ኪሎ ገደማ ይስባሉ፣ 10 ቁጥር ከሆነ 46 ኪሎ ገደማ። ስለዚህ አንዱን ክር ስትነኩ የሁሉም ሚዛን ይነካል ማለት ነው፣ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ችግር ሁሉ ጥቅሙም ጭምር ከዚች አንድ ነገር ነው የሚመጣው።

እኔ ሜታል አልጫወትም፣ ትዝታ አምባሰል ምናምን ነው የምጫወተው፣ ምን ያደርግልኛል?

ያደርግላችኋል እንጂ! ይሄ ብሪጅ ለሜታል ብቻ ነው የሚለውን አባባል በፍፁም አልቀበለውም። እርግጥ ነው እንደ ጃኖ ባንድ ሮክ የሚጫወቱ ልጆች መኖራቸው ብዙ ወጣት ወደዚህ አይነት ድምፅ ስቧል፣ ግን የራሳችንን ሙዚቃ አስቡት እስኪ። ድምፃዊው ኖታው ላይ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ከታች ተንሸራቶ ይገባል፣ እዛው ላይ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሲጨርስ ወደ ታች ይለቀዋል። ማሲንቆም እንደዛው ነው። ይሄን በጣት በቤንድ (ክሩን ወደ ጎን ገፍቶ ድምፁን ከፍ በማድረግ) እና በስላይድ (ጣትን ክሩ ላይ በማንሸራተት) መስራት ይቻላል፣ ሁላችንም እንደዛ ነው የተማርነው፣ በባር ሲሆን ግን ሌላ መልክ አለው ምክንያቱም ቤንድ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚወስደው፣ ባሩ ወደ ታችም ይወስዳል።

አንድ ነገር ልስጣችሁ ዛሬ ማታ ሞክሩት። ባሩን ትንሽ ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ እንደተጫነ ክሩን ምቱ፣ ከዛ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። ኖታው ከታች መጥቶ ያርፋል። አምባሰል ላይ ረጅም ኖታ ላይ ይሄን ስታደርጉ እንጉርጉሮ ነው የሚመስለው፣ ዲስቶርሽን ሳይኖር ንፁህ ድምፅ ላይ ትንሽ ሪቨርብ ብቻ ጨምራችሁ በጣም ያምራል። ትዝታ ላይ ደግሞ አረፍተ ነገሩ ሲያልቅ የመጨረሻውን ኖታ ባሩን በጣም በቀስታ እያወዛወዛችሁ አስረዝሙት፣ በፍጥነት ካወዛወዛችሁት የኛ አይመስልም።

ከባዱ ጆሮ ነው። ቅኝቶቻችን አምስት ኖታ ስለሆኑ በመሃላቸው ሰፊ ክፍተት አለ፣ ባሩን ተጭናችሁ ወደ ታችኛው ኖታ ስትሄዱ እንደ ፍሬት (አንገቱ ላይ በየቦታው ያሉት ቀጫጭን ብረቶች) የሚያቆማችሁ ነገር የለም፣ የት እንደምታርፉ መስማት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ኖታውን መጀመሪያ በጣት ተጫወቱት፣ ከዛ በባር ፈልጉት፣ እንደዚህ እያመላለሳችሁ።

የማይመቸውን ደግሞ ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ከስር አንድ ክር ክፍት እያስጮሁ ከላይ ሌላውን ቤንድ የማድረግ ልማድ ያላችሁ ሰዎች ትቸገራላችሁ፣ ቤንድ ስታደርጉ ብሪጁ ወደ ፊት ይሳብና ክፍቱ ክር ዝቅ ይላል፣ ሁለቱ አይገጥሙም። የመዳፋችሁን ጎን ብሪጁ ላይ አስተኝታችሁ የምትጫወቱም ካላችሁ ስትጫኑት ድምፁ ከፍ ይላል፣ እጅ ቀለል ማድረግ መልመድ ያስፈልጋል። ይሄ የጊታሩ ብልሽት አይደለም፣ ተንሳፋፊ ብሪጅ ሁሉ እንደዚህ ነው።

ባንድ ውስጥ ነው የምጫወተው፣ ዘፋኙ ድንገት ግማሽ ቶን ዝቅ አድርጉልኝ ካለስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሰራ ሰው ከሁሉም በላይ ሊያስብበት የሚገባው ጥያቄ ይሄ ነው፣ የውጪዎቹ ቪድዮዎች ላይ አትሰሙትም። እዚህ ሰርግ ላይ ወይ ክለብ ላይ በአንድ ምሽት ብዙ ድምፃዊ ነው የምታጅቡት፣ አንዱ ይወጣል ሌላው ይገባል፣ አንዷ ጉንፋን ይዟታል፣ አንዱ ዘፈኑን በሌላ ኪይ ነው የለመደው። ኪቦርዲስቱ ትራንስፖዝ የምትለዋን ቁልፍ ተጭኖ ይገላገላል። ብሪጁ የማይንቀሳቀስ ጊታር የያዘው ሰው ደግሞ ቢቸግረው ስድስቱን መቃኛ ዝቅ ዝቅ አድርጎ በትንሽ ጊዜ ይጨርሳል። እናንተ ግን ነቷን በቁልፍ ፈትታችሁ ክሮቹን ስታወርዱ ሞላው ያሸንፍና ብሪጁ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ሞላውን ማላላት ይመጣል፣ እንደገና መቃኘት፣ እንደገና ማላላት። በሁለት ዘፈን መሃል የሚሆን ነገር አይደለም በቃ።

መፍትሄው ጣት ነው። ማንኛውንም ዘፈን በየትኛውም ኪይ መጫወት መቻል፣ ክፍት ክር ላይ ተደግፎ መጫወትን መቀነስ። ከቻላችሁ ሁለተኛ ጊታር መድረክ ላይ ይዛችሁ መውጣት። ካፖ (አንገቱን ጨብጦ ክሮቹን ሁሉ የሚጫን መያዣ) ይሰራል ግን ወደ ላይ ብቻ ነው የሚወስዳችሁ፣ ሲጨብጥም ቅኝቱን ትንሽ ስለሚስበው ፋይን ቱነሩን መንካት ይኖርባችኋል። ባንዳችሁ ሁልጊዜ ግማሽ ቶን ዝቅ ብሎ የሚጫወት ከሆነ ደግሞ ችግር የለም፣ ጊታሩን ከመጀመሪያው ኢ ፍላት ላይ አስተካክላችሁ እዛው ትተዉታላችሁ።

ከክራርና ከማሲንቆ ጋር ስትሰሩ ከመጀመራችሁ በፊት ቅኝቱን እናንተ ስጧቸው። ክራር ገራፊው ለድምፁ ወይም ለድምፃዊው በሚመቸው ከፍታ ቃኝቶ ከመጣና እናንተ ከደረሳችሁበት፣ ፋይን ቱነር ያንን ርቀት አይሸፍንም። እነሱ ወደናንተ መምጣት በጣም ይቀላቸዋል ስለዚህ በአክብሮት አስቀድሞ መነጋገር ነው።

ጀማሪ ነኝ ይሄን ልጀምርበት?

አይ። መጀመሪያ ጊታር መቃኘትና ክር መቀየር ልመዱ፣ ብሪጁ ቋሚ የሆነ ጊታር ግዙ።

ልጄ 14 አመቷ ነው፣ ሮክ ትወዳለች፣ ባር ያለው ካልሆነ አልፈልግም ብላለች፣ ልግዛላት?

ፍላጎቷ ጥሩ ነው፣ አያጥፉባት። ስንት ጊዜ ስትጫወት እንደቆየች ይጠይቋት፣ አመት ያህል በሌላ ጊታር ወይም በትምህርት ቤት ከተጫወተችና ራሷ የምትቃኝ ከሆነ ትችለዋለች፣ በዚህ እድሜ ያሉ ልጆች ደግሞ መካኒኩን ከኛ በፍጥነት ነው የሚይዙት። ገና ከሆነች ግን ስትራቶካስተር አይነት፣ ባሩ ቀለል ያለ ሁለቱም ጫፍ የማይቆለፍ ጊታር ይግዙላት፣ ባርም አለው፣ እሷም ትደሰታለች፣ ክር በተበጠሰ ቁጥር እርስዎን አታስቸግርም። ሱቅ ሲሄዱ እሷን ይዘው ይሂዱ፣ አንገቱ ለእጇ መመቸቱን ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

እሺ የትኛውን ልግዛ?

ከጊታሩ ስም በፊት ብሪጁን እዩ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፣ እንጨቱን፣ ቀለሙን፣ አናቱ ላይ ያለውን ስም ያይና ብሪጁን አያየውም። ያ ሁሉ ኪሎ ጉልበት ያረፈው ሁለት ብሎን ላይ በተደገፈች ቀጭን ስለት ነው። ብረቱ ለስላሳ ከሆነ ስለቷ ትጎደጉዳለች፣ ከዛ ባሩን በተጫናችሁ ቁጥር ብሪጁ ሌላ ቦታ ላይ ያርፋል፣ ከዛ በኋላ እግዜር ቢመጣ አይቃኘውም።

ኦርጅናል ፍሎይድ ሮዝ የሚባለው ጀርመን ነው የሚሰራው፣ ሳድሉ የጠነከረ ስቲል ነው፣ ከስር የተንጠለጠለው ብሎክ ናስ ነው። 1000 የሚል ተከታታይ አለ፣ ኮርያ የሚሰራ፣ ያንኑ ዲዛይንና ተመሳሳይ ብረት ይዞ በዝቅተኛ ዋጋ፣ ለብዙ ሰው ይሄ ከበቂ በላይ ነው እኔም የምመክረው ይሄን ነው። ስፔሻል የሚባለው ሳድሉም ብሎኩም ዚንክ ነው፣ ተጠንቅቆ ለሚይዝ ሰው ይሰራል ግን ብሎን ሲጠብቅ ጉልበት ከበዛበት ይበላል። ከአይባኔዝ ኤጅ፣ ሎ ፕሮ ኤጅ፣ ኤጅ ዜሮ ጥሩ ናቸው፣ ጎቶም እንደዛው። ኢኤስፒ፣ ጃክሰን፣ ቻርቬል፣ ሼክተር እነዚህ ሁሉ ፍሎይድ የሚገጥሙ ናቸው፣ ግን አንድ ካምፓኒ ውድ ሞዴሉ ላይ ኦርጅናል ገጥሞ ርካሹ ላይ ሌላ ሊገጥም ስለሚችል የሞዴል ቁጥሩን ይዛችሁ ኢንተርኔት ላይ አረጋግጡ።

ብሪጁ ላይ በፍሎይድ ሮዝ ፓተንት ፈቃድ የተሰራ የሚል ፅሁፍ ካያችሁ ኦርጅናል ነው ማለት አይደለም፣ ሌላ ካምፓኒ ፈቃድ ገዝቶ ሰራው ማለት ነው። ፈቃዱ ጥራቱን አይናገርም፣ በዚህ ፅሁፍ ስር በጣም ጥሩም በጣም መጥፎም አለ።

ብር ካልበቃ? ያኔ ፍሎይዱን ተዉት። ጥሩ ፍሎይድ ራሱ ከጊታሩ ዋጋ ትልቅ ድርሻ ይወስዳል፣ ስለዚህ ርካሽ ጊታር ላይ ሲገጠም ወይ ብሪጁ ወይ ፒክአፑ (የክሩን ድምፅ ተቀብሎ ወደ አምፕ የሚልከው) ወይ እንጨቱ ላይ ተቀንሷል ማለት ነው። በዛው ብር ቋሚ ብሪጅ ያለው ስትገዙ ሁሉም ነገሩ የተሻለ ጊታር ታገኛላችሁ። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ ሲሆን ከውጪ የሚገባ እቃ ሁሉ እንደጨመረ ታውቃላችሁ፣ ያገለገለ የሚሸጠውም ሰው ዶላሩን አይቶ ነው ዋጋ የሚጠራው፣ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ከመግዛት ጠብቆ አንዴ መግዛት ይሻላል።

ቴሌግራም ላይ ያገለገለ አየሁ፣ ምን ምን ልይ?

በፎቶ አትግዙ፣ ቀብድም አትላኩ። ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ ድሮ የምታውቁት ሱቅ ቦታው ላይኖር ይችላል፣ ሻጩም ካፌ እንገናኝ ሊላችሁ ይችላል፣ ካፌም ቢሆን ችግር የለውም ብቻ ተቀምጣችሁ የምታዩበት ብርሃንና ጊዜ ይኑራችሁ። ስልካችሁ ላይ ቱነር አፕ ጫኑ፣ ከቻላችሁ አናቱ ላይ የሚቆነጠጠውን ትንሽ ቱነር ይዛችሁ ሂዱ እሱ ጫጫታ አይረብሸውም።

መጀመሪያ ጊታሩን በጎኑ ይዛችሁ ብሪጁን እዩት፣ ከጊታሩ ፊት ጋር ትይዩ ሆኖ መቀመጥ አለበት፣ ወደ ፊት ከተነሳ ወይ ወደ ኋላ ከሰመጠ ሚዛኑ ተዛብቷል፣ ይሄ ብቻውን በማስተካከል ይድናል ስለዚህ አትደንግጡ ዋጋ ለመቀነስ ግን ተጠቀሙበት። ቀጥሎ ቃኙት፣ ባሩን ክሮቹ እስኪላሉ ድረስ ተጫኑና ልቀቁት፣ ቱነሩን እዩ። ከዛ ወደ ላይ ሳቡና ልቀቁት፣ እንደገና እዩ። ሁለቱም ጊዜ እዛው ቦታ ላይ ከተመለሰ ስለቱ ጤነኛ ነው። ሲጫን ተመልሶ ዝቅ ካለ ሲሳብ ተመልሶ ከፍ ካለ ስለቱ ተበልቷል ወይም ብሎኑ እንጨቱ ውስጥ ይላወሳል። ሻጩ ክሩ አሮጌ ስለሆነ ነው ሊላችሁ ይችላል፣ አሮጌ ክር ግን ባሩ በተነካ ቁጥር በሁለት አቅጣጫ እንዲህ አያደርግም።

ብሪጁ የተደገፈባቸውን ሁለት ብሎኖች ዙሪያ እንጨቱን በስልክ መብራት እዩት፣ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ተዉት፣ ያ እንጨት ከዛ ጉልበት ጋር እየባሰበት ነው የሚሄደው። የነቷ ሶስት ብሎኖችና ከብሪጁ ኋላ ያሉት ስድስቱ ረጃጅም ብሎኖች ጭንቅላታቸው ስድስት ጎኑ ተበልቶ ክብ ሆኗል ወይ? ፋይን ቱነሮቹ ሁሉ ይዞራሉ ወይ? ባሩ አለ ወይ፣ ብዙ ጊዜ ጠፍቷል ይሏችኋል፣ ለየብሪጁ የሚገጥመው ባር ይለያያል እዚህ ከተማ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። የጀርባውን ፕላስቲክ ክፈቱልኝ በሉ፣ ውስጥ ያለውን ሞላና ብሎክ ታያላችሁ፣ ብሎኩ ቢጫ ከሆነ ናስ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ስለቱ ተበልቶ እያለ ቶርኖ ቤት ወስጄ አስሞርደዋለሁ ብላችሁ አትግዙ። ስለቱ ላይ ያለው ብረት በሙቀት የጠነከረው ላይ ላዩ ነው፣ በሞረድ ሲነካ ጠንካራው ይሄድና ለስላሳው ይወጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይበላል። ሙሉውን ብሪጅ መቀየር ነው ያለው።

መድረክ ላይ ክር ቢበጠስስ?

አንድ ክር ሲሄድ ሚዛኑ ይሄዳል፣ ሞላው ብሪጁን ወደ ኋላ ይስበዋል የቀሩት አምስቱ ክሮች ሁሉ ከፍ ይላሉ፣ ዘፈኑን መጨረስ አይቻልም። ሁለተኛ ጊታር ያስፈልጋል ያልኩት ለዚህም ነው። ቸርች የምታመልኩ ልጆች አብዛኛው ጊዜ አንድ ጊታር ብቻ ነው ያላችሁ፣ እናንተ ብሪጁ ወደ ኋላ እንዳይሄድ ጀርባው ውስጥ እንጨት አድርጋችሁ ብትጠቀሙ እመክራለሁ፣ ከታች እመጣበታለሁ።

ክር መቀየር ሰው እንደሚያወራው ነው የሚከብደው?

አይደለም፣ ትዕግስት ነው እንጂ የሚጠይቀው። ሁሉንም ክር አንድ ላይ አትፍቱ፣ አንዱን አውጥታችሁ አንዱን አስገቡ። ያንኑ ቁጥርና ያንኑ ብራንድ ከገዛችሁ ሞላውን መንካት አይኖርባችሁም፣ ከ9 ወደ 10 ከቀየራችሁ ግን ሞላው መጥበቅ አለበት፣ ጀርባው ውስጥ ሞላዎቹን የያዘችው ብረት ላይ ሁለት ብሎን አለ በካቻቢቴ ታጠብቋቸዋላችሁ፣ ትንሽ ታዞራላችሁ፣ እንደገና ትቃኛላችሁ፣ ብሪጁ ትይዩ መሆኑን ታያላችሁ፣ ደግሞ ትንሽ። ሲቃኝም አንድ ዙር አይበቃም፣ ወፍራሙን ኢ ቃኝታችሁ ቀጭኑ ላይ ስትደርሱ ወፍራሙ ወርዶ ታገኙታላችሁ፣ እየተመላለሳችሁ ልዩነቱ እያነሰ እያነሰ ይመጣና ይቆማል።

ነቷን ከመቆለፋችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። ክሮቹን በእጃችሁ ሳብ ሳብ አድርጋችሁ አለስልሷቸው፣ አዲስ ክር ሳይለጠጥ ከተቆለፈ ለቀናት ይወርድባችኋል። ፋይን ቱነሮቹን ደግሞ መሃል ላይ አድርጓቸው፣ ሲቆለፍ ክሩ ትንሽ ከፍ ስለሚል መመለሻ ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ስትቆልፉ ቁልፉ እንቢ እስኪል በሙሉ ጉልበት አትጫኑ፣ ጠበቅ ካለ ይበቃል።

የክሩን ከፍታ ዝቅ ወይ ከፍ ለማድረግ ሁለቱን ዋና ብሎኖች ስታዞሩ ክሮቹን አላሉ። ክሩ እንደተወጠረ ብሎኑ ሲዞር ስለቷን ይፍቃታል፣ ጥሩ ጥሩ ጊታሮች በዚህ ነው የሚበላሹት።

አጎቴ ከአሜሪካ ሊያመጣልኝ ነው፣ ምን ልንገረው?

በደረቅ ኬዝ ያምጣው፣ በተለይ አናቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ጊታር ከሆነ ሻንጣ ሲወረወር አንገቱ ይሰበራል። ባሩ ተነቅሎ ኬዙ ውስጥ ይሁን። ተጨማሪ ክር ብዙ ፓኬት፣ የነቷ ብሎኖችና ክር የምትነክሰዋ ትንሽ ብሎክ ትርፍ ይጨምርበት፣ ክብደት የላቸውም ግን እዚህ ሲጠፉ ጊታሩ ይቆማል። አምፕ ላምጣ ካላችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ የአሜሪካው 120 ቮልት ነው የኛ 220፣ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። አምፕ እዚሁ ግዙ፣ ወይ በሁለቱም ቮልት የሚሰራ መሆኑ ከኋላው የተፃፈበት ይሁን።

ክረምት ሲገባ ጊታሬ ይቀየራል፣ ብሪጁ ነው?

አንገቱ ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል በበጋ ይደርቃል፣ አንገቱ ትንሽ ይታጠፋል፣ ተንሳፋፊ ብሪጅ ላይ ደግሞ ያቺ ትንሽ ነገር ሚዛኑን ስለምትነካ ጎልታ ትታያለች። ሰኔ ላይ አንዴ ጥቅምት ላይ አንዴ ብሪጁ ትይዩ መሆኑን ማየት በቂ ነው። ግድግዳ ላይ ከመስቀል ኬዝ ውስጥ አድርጉት፣ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ብሪጁን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት ላብ ብሎኖቹን ያዝጋቸዋል።

ገዝቼው አልተመቸኝም፣ ብሪጁን ማቆም ይቻላል?

ይቻላል፣ ጊታሩን ሳይጎዳ። ጀርባውን ትከፍቱና ብሎኩ ወደ ኋላም ወደ ፊትም እንዳይሄድ በሁለቱም በኩል በልኩ የተቆረጠ ጠንካራ እንጨት ትከታላችሁ፣ የትኛውም ጣውላ ቤት ይቆርጥላችኋል ልኩን ግን እናንተ በሚሊሜትር ለክታችሁ ሂዱ። በአንድ በኩል ብቻ፣ ማለትም ሞላዎቹ ባሉበት በኩል፣ ካደረጋችሁት ባሩ ወደ ታች ይሰራል ወደ ላይ አይሳብም፣ ክር ቢበጠስ ግን የቀሩት ቅኝታቸውን ይዘው ይቆያሉ፣ ቤንድ ስታደርጉም ሞላውን ጠበቅ ካደረጋችሁት ሌላው ክር አይወርድም። ቀደም ብዬ ለቸርች ልጆች ያልኩት ይሄን ነው። ወፍራሙን ክር ባንዴ ወደ ዲ የምታወርድ ዲ ቱና የምትባል እቃም የምትሰራው ብሪጁ እንደዚህ ወደ ኋላ የማይሄድ ከሆነ ብቻ ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ ምን ልያዝ?

3 ሚሊሜትር አለን ኪይ፣ ማለቴ ባለ ስድስት ጎኑ ቁልፍ፣ ሁለት ፍሬ ምክንያቱም አንዱ ይጠፋል፣ ነቷንም ክር መቆለፊያውንም አብዛኛው ላይ እሱ ነው የሚፈታው። ኦክቴቩን ለማስተካከል ከሱ አነስ ያለ ሌላ ቁልፍ አለ፣ ከጊታሩ ጋር የመጣውን አትጣሉት። የክሩን ጫፍ የሚቆርጥ ፒንሳ፣ ለጀርባው ካቻቢቴ፣ ክር ስትቀይሩ ብሪጁ ስር የምታደርጉት የታጠፈ ጨርቅ፣ ቱነር፣ ሁለት ፓኬት ያው ቁጥር ክር። ፒክአፑ አክቲቭ (በባትሪ የሚሰራ) ከሆነ 9 ቮልት ባትሪም ጨምሩ፣ ጃኩን ሰክታችሁ ካደራችሁ ባትሪው ያልቃል ስለዚህ ልምምድ ስትጨርሱ ገመዱን ንቀሉት።